በኦሞ ማዕበል አንጻር ዜሮ የጻፈው ማነው?

«ውኃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ለነገረኛና ለነገር ነው። በሌላው ዓለም ግን የወንዙን ጩኸት እንደ ወረደ ወስደው የሚነግዱበት ሰዎች አሉ። ወንዝ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚያነሳውን ማዕበል እንደ ሱቅ ይቆጥሩታል። እንግዳ ያሳድሩበታል፤ ጀልባ ያከራዩበታል፤ ውድድር ያዘጋጁበታል፤ ለወጣቱ የአሠልጣኝነትና የአስጎብኚነት ሥራ ያገኙበታል። የወላይታ ሶዶ ነጋዴም ከከተማው በስተምዕራብ፣ በኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ነበረው። «ነበረው» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ዛሬ ከሐይቅ በታች ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የግድብ ተቃውሞ እንዳይመስላችሁ። ይህ ጸሐፊ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ለማስነሳት ናፍጣ የሚገዛ ባለወፍጮ ምን እንደሚል ያውቃል። የዛሬው ጉዳያችን የሒሳብ አያያዝ ነው። አንድን ሀብት ለሌላ የበለጠ ጥቅም መሠዋት ያባት ነው። የሚሠዋውን ሀብት ዋጋ ግን «ዜሮ» ብሎ መዝገብ መዝጋት የሒሳብ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ በኦሞ ላይ አንዴ ተፈጽሟል፤ ዳግመኛ ሊፈጸምም ተቃርቧል።

ዕቃው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምንነጋገርበትን ዕቃ እንወቀው። ካያክ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት፣ ጠባብና ቀላል ጀልባ ናት። ቀዛፊው ከወገቡ በታች ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ፣ ውኃ እንዳይገባ በጨርቅ ሽፋን ዘግቶ፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ይነዳታል። «ፍሪስታይል ካያኪንግ» የሚባለው ጨዋታ ከወንዙ ጋር ቁልቁል መውረድ አይደለም። ቀዛፊው በአንድ ማዕበል ላይ ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል አዙሮ እዚያው እንደቆመ ይገለባበጣል፣ ይሾራል፣ ከነጀልባው ወደ አየር ይዘላል።

እንዴት ሳይወሰድ ይቆማል? የባሕር ማዕበል ራሱ ይጓዛል፤ ውኃው ግን በሥፍራው ይቀራል ማለት ይቻላል። የወንዝ ማዕበል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማዕበሉ ይቆማል፣ ውኃው ያልፋል። ወንዙ በድንጋይ እርከን ላይ ሲንደረደር ይፈጥናል፣ ይሳሳል። ከታች ጥልቅና ዝግ ያለ ውኃ ሲገጥመው ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ያጣና ወደ ላይ ይዘላል። መሐንዲሶች «የውኃ ዝላይ» የሚሉት ይህ ነው። የግድብ ሠሪዎች ይህን ዝላይ አብጠርጥረው ያውቁታል። ከትርፍ ውኃ ማስተንፈሻው ግርጌ የውኃውን ጉልበት ለማብረድ ሆን ብለው የሚፈጥሩት ነውና። እንግዲህ ባለካያኩ የሚጫወትበትና መሐንዲሱ ጉልበት የሚሰብርበት ነገር አንድ ነው።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። ማዕበል በማንኛውም የውኃ መጠን አይሠራም። ውኃው ሲያንስ ድንጋዩ ይገለጣል፤ ሲበዛ ማዕበሉ ይዋጣል። እያንዳንዱ ማዕበል የሚሠራበት የራሱ የውኃ ልክ አለው። ስለዚህ ዕቃው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩና የውኃው መጠን ሲገጥሙ ነው። የውኃውን መጠን የሚወስን ሰው የሱቁን በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም።

ጨዋታው ሕግ ወጥቶለት የዓለም ሻምፒዮና መካሄድ የጀመረው እ.አ.አ. በ1991 በዌልስ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን ሥር ነው። ተወዳዳሪው በአንድ ዙር 45 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ዳኞች ላሳየው የዘዴ ዓይነትና ከፍታ ነጥብ ይሰጡታል። የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም። ተከታዮቹም እንደ እግር ኳስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አይደሉም። ነገር ግን ጥሩ ማዕበል የሰማ ባለካያክ ጀልባውን በአውሮፕላን ጭኖ ይመጣል፤ ከመጣም እንደ ፎቶ አንሺ ቱሪስት በሁለት ሰዓት አይሄድም። ያንኑ ማዕበል ደጋግሞ ሊጫወትበት ሳምንትና ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። የአልጋ ኪራይ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኦሞ የወለደው ኩባንያ

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ከወላይታ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘውማ ቆይቷል።

እ.አ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የሚባል ወጣት አሜሪካዊና ጓደኞቹ በጎማ ጀልባ ኦሞን ለመውረድ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወንዙ በአዞ የታወቀ ስለነበር ለማኅበራቸው የጥንት ግብፃውያንን የአዞ አምላክ ስም ሰጥተው «ሶቤክ» አሉት። ከዚያ ጉዞ የጀመረው ሶቤክ በዓለም ታላላቅ ወንዞች ላይ ጉዞ የሚሸጥ ኩባንያ ሆነ። እ.አ.አ. በ1991 ከሌላ የጉዞ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ዛሬም በካሊፎርኒያ ይሠራል። በአጭሩ በዓለም የጀብዱ ቱሪዝም ገበያ ስም ካላቸው ድርጅቶች አንዱ የተጠነሰሰው በእኛ ወንዝ ላይ ነው።

ዓባይም የራሱ ታሪክ አለው። የእንግሊዝ ጦር ባልደረቦች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት እ.አ.አ. በ1968 በበረሃው ገደል ወረዱበት። በ1972 ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በካያክ ሞከሩት። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ በ2004 ከምንጩ ተነሥተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ከእነዚህ ጉዞዎች መጽሐፍ ተጽፏል፣ ፊልም ተሠርቷል፣ ስም ተተክሏል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው አባባል እዚህ ላይም ይሠራል። ግንዱን ያዞርነው እኛ ነን፤ ጠርበው የሸጡት ሌሎች ናቸው።

የኦሞ የጎማ ጀልባ ጉዞ ከዚያ በኋላም ሲሸጥ ኖሯል። መነሻው በጅማ መንገድ ላይ ያለው የጊቤ ድልድይ ነበር። ወቅቱም ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ገና ሙሉ የሚሆንበት መስከረምና ጥቅምት ነበር። እንግዶቹ በወላይታና በዳውሮ መካከል ባለው ገደል እየወረዱ፣ ዳር ላይ ድንኳን እየተከሉ ያድሩ ነበር። ክፍያውን ግን ቀድመው፣ በውጭ አገር፣ በዶላር ጨርሰዋል። የወላይታ ድርሻ ወንዙን መያዝ ብቻ ነበር።

ድልድዩ ተቆጠረ፤ ማዕበሉ አልተቆጠረም

የጊቤ ሦስት ግንባታ በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። ግድቡ በወላይታና በዳውሮ መካከል ቆሞ 243 ሜትር ከፍ ብሏል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት ነበሩት። ከኋላው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ሁሉ ርዝመት ቀድሞ ወንዝ ነበር፤ የጎማ ጀልባዎቹ ሲጋልቡበት የነበረውም ወንዝ ይኸው ነው። ሐይቅ ላይ ቁልቁለት የለም፤ ቁልቁለት በሌለበት የውኃ ዝላይ የለም። ድንጋዩ ከሥር ቀረ፤ ውኃውም ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚከተለውን ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚወስደው የድሮ መንገድም ኦሞን የሚሻገርበት ሥፍራ በሐይቁ የሚዋጥ ነበር። ምን ተደረገ? መንገዱ በሌላ አቅጣጫ እንደገና ተሠራ፤ አዲስ ድልድይ ተተከለ። ገንዘቡም በግድቡ ፕሮጀክት ውስጥ ታሰበ። ለምን? ድልድይ ዋጋ ስላለው ነው። ባለቤት አለው፤ ሰነድ አለው፤ ከጠፋ «የት አለ?» የሚል መሥሪያ ቤት አለው። ማዕበሉ ግን ባለቤት አልነበረውም፤ ስለዚህ ዋጋ አልነበረውም፤ ስለዚህ ምትክ አልተሰጠውም። በኢኮኖሚክስ ክፍል ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምሩን ነገር ነው፦ ገበያ ዋጋ ያልሰጠው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ሐቁን ለመናገር በዚያ መዝገብ ላይ ከማዕበል የከበዱ ያልተቆጠሩ ዕዳዎችም ነበሩ። በታችኛው ኦሞ ያሉ ወገኖቻችን ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ሙላቱ ሲቀር እርሻቸው ቀርቷል። በሌላ በኩል በ1998 ዓ.ም. ክረምት ኦሞ ከመጠን በላይ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው መፍጀቱን መርሳት አይገባም። ለግድቡ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱም ጎርፍ መከላከል ነበር። ትርፉም ኪሳራውም በሁለቱም አምድ ይጻፍ ነው የምንለው። ማዕበሉ ከኪሳራዎቹ ትንሹ ነው። ትንሽ መሆን ግን ዜሮ መሆን አይደለም።

ማዕበሉ ተቆጥሮስ ቢሆን ግድቡ ይቀር ነበር ወይ? አይቀርም። 1,870 ሜጋ ዋትን ከጎማ ጀልባ ገቢ ጋር የሚያመዛዝን ሰው ቢኖር ይህ ጸሐፊ ከኤሌክትሪኩ ጎን ይቆማል። ቢቆጠር ኖሮ ግን ሦስት ነገሮች ይደረጉ ነበር። አንደኛ፣ ከመዋጡ በፊት ይለካና ይመዘገብ ነበር። ሁለተኛ፣ በምትኩ ሌላ የወንዙ ክፍል ሳይገደብ እንዲቆይ ይወሰን ነበር። ሦስተኛ፣ ከግድቡ በታች የሚለቀቀው ውኃ በሰዓትና በቀን እንዲታወቅ ይጠየቅ ነበር። ሦስቱም በሌላ አገር ተደርገዋል። እስቲ እንያቸው።

ከጎረቤትና ከሩቅ

ቅርቡ ዩጋንዳ ነው። ጂንጃ የምትባለው ከተማ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ናት። የጎማ ጀልባ ንግድ በዚያ የተጀመረው እ.አ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ ባለካያኮች ተከተሉ። «ናይል ስፔሻል» የሚሉት ማዕበል በዓለም ባለካያኮች ዘንድ ስሙ ገነነ። የአካባቢው ልጆችም ከእንግዶቹ ተምረው አሠልጣኝና ተወዳዳሪ ሆኑ። ቀጥሎ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቡጃጋሊ ግድብ መጣና እ.አ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ የቡጃጋሊን ፏፏቴ ዋጠው። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ2007፣ የዩጋንዳ መንግሥትና የዓለም ባንክ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በቡጃጋሊ ምትክ ከታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴ አካባቢ ለኃይል ማመንጫ እንዳይውል፣ ለቱሪዝምና ለተፈጥሮ እንዲጠበቅ የሚል ነው።

ስምምነቱ ፍጹም ነበር አልልም። እ.አ.አ. በ2019 የተመረቀው፣ 183 ሜጋ ዋት ያለው የኢሲምባ ግድብ ከተረፈው ወንዝ ሌላ ቁራሽ ወስዷል። ጭቅጭቁም ብዙ ነበር። ቢሆንም ልዩነቱን ተመልከቱ። ጂንጃዎች የሚከራከሩበት ወረቀት ነበራቸው። በወረቀቱም ላይ የወንዙ ማዕበል ስሙ ተጽፎ፣ ዋጋ እንዳለው በሁለት ወገን ፊርማ ታምኖ ነበር። እኛ ምንም ወረቀት አልነበረንም።

ሁለተኛው ምሳሌ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። በዚያ የጎሊ ወንዝ ላይ የሰመርስቪል ግድብ አለ፤ የተሠራው በ1960ዎቹ ጎርፍ ለመከላከል ነው። የመጪውን ወራት ጎርፍ ለመያዝ ሐይቁ በየመፀው ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ውኃው ከመለቀቅ አይቀርም። የጀልባ ሰዎች «ከመለቀቅ ካልቀረ በተራ ቀን ከሚፈስስ በታወቀ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድን ይዞ ይለቀቅልን» አሉ። እ.አ.አ. በ1986 የአገሪቱ ምክር ቤት ይህን በሕግ አጸና። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ውኃው በወጣለት ፕሮግራም ይለቀቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ እንግዶችም ቀኑን ጠብቀው ይጎርፋሉ። ከዚህ ምሳሌ ለነጋዴ የሚጥመው ነገር ወጪው ነው። ተጨማሪ ውኃ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው የቀን መቁጠሪያ ነው።

ሦስተኛው በጆርጂያ ግዛት ያለችው ኮሎምበስ ናት። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ጉልበት ይሰጡ የነበሩ ሁለት አሮጌ ግድቦች በመሐል ከተማዋ ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ሥራቸው አበቃ፤ ግድቦቹ ግን ቆመው ቀሩ። ከተማዋ በ2012 እና በ2013 ሁለቱንም አፍርሳ ወንዙን ወደ ድንጋያማ ወራጅነቱ መለሰችው። እ.አ.አ. በ2023 የፍሪስታይል ካያክ የዓለም ሻምፒዮናን አስተናገደች። በዚያም ከላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ውኃ የሚለቅበት ሰዓት ለገበያው ወሳኝ ነው። እንግዲህ ግድብና ማዕበል የግድ ጠላቶች አይደሉም። ጠላት የሚሆኑት ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው።

ለባለሀብቱ፦ ስሌቱን እንሥራው

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። «ይሁን እሺ፤ እኔ የሶዶ ነጋዴ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ያለንን ቁጥር ሁሉ በግምት ይዘን እንሥራው። የምጽፋቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ይሥራ።

እንበል 12 ያገለገሉ ካያኮች እያንዳንዳቸው በ800 ዶላር ተገዙ፤ 9,600 ዶላር። መቅዘፊያ፣ የራስ ቁርና የመንሳፈፊያ ጃኬት ለአንድ ሰው 300 ዶላር፣ ለ12 ሰው 3,600። ለነፍስ አድን የሚሆን አንድ ትልቅ የጎማ ጀልባ 5,000። ለወጣቶች የዋናና የነፍስ አድን ሥልጠና 6,000። ድምሩ 24,200 ዶላር ነው። አንድ ፎቅ ለመጀመር እንኳ የማይበቃ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ገቢውን እንይ። በወቅቱ 8 ቡድን፣ በቡድን 8 ሰው፣ ለ4 ቀን፣ በቀን በ120 ዶላር ቢመጣ 30,720 ዶላር ይገባል። ግማሹ ለደመወዝ፣ ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለኢንሹራንስ ቢወጣ 15,360 ይተርፋል። ካፒታሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመለሰ ማለት ነው። ደስ ይላል።

አይቸኩሉ። እንግዳው በግማሽ ቢቀንስስ? ገቢው 15,360 ይሆናል። ወጪው ግን በእንግዳው ልክ አይቀንስም። ከወጪው 10,000ው እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ደመወዝና ኢንሹራንስ ነው ብለን እናስብ። የቀረው 5,360 በግማሽ ወርዶ 2,680 ይሆናል። የሚተርፈውም 2,680 ብቻ ነው፤ ካፒታሉን ለመመለስ 9 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። በሁለት ዓመትና በዘጠኝ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እንግዳው በእርግጠኝነት መምጣቱ። እንግዳውስ በእርግጠኝነት የሚመጣው መቼ ነው? ውኃው በየትኛው ቀን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚኖር ሲያውቅ ነው። ሄዶ ሄዶ ነገሩ ውኃ የሚለቀቅበት ፕሮግራም ላይ ይወድቃል።

አደጋውን አልሸፋፍንም። በኦሞ አዞም ጉማሬም አለ። በቆላው ዝግ ባለ ውኃ ቢልሃርዚያ ያሰጋል። ከግድብ በታች ሳይነገር የሚለቀቅ ውኃ ሰው ይገድላል። ጸጥታ በደፈረሰ ቁጥር የውጭ እንግዳ ጉዞውን ይሰርዛል። ስለዚህ ቤቱን አስይዞ ለዚህ ሥራ የሚበደር ሰው ቢኖር ይህ ጸሐፊ «ተው» ይለዋል። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። አሥር ሃያ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቢጠፋ የማያስለቅሰውን ያህል አዋጥቶ፣ በአክሲዮን የሚጀመር ነው።

«ታዲያ በእንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ ምን ያስገባናል?» ለሚል፣ ዝንጅብሉን አስታውሰዋለሁ። የወላይታ ደላላ አይረሳውም። በቦሎሶ ቦምቤና በአካባቢው ገበሬው፣ ነጋዴውና ባለመኪናው በዝንጅብል ላይ ተንጠላጥሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ገባና ማሳውን አቃጠለው። ከማሳው ጋር የብዙ ሰው ዱቤ አብሮ ጠወለገ። ትምህርቱ «ዝንጅብል መጥፎ ነው» አልነበረም። «በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ አትቁም» ነበር። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ትርፍ ያገኘ ሰው የሚያስበው ሕንፃና እንግዳ ማረፊያ ነው። አልጋው ይጨምራል፤ ሰው አልጋ ፍለጋ የሚመጣበት ምክንያት ግን አብሮ አልጨመረም። ያው ቦሎሶ ቦምቤ ሶኬና አጃቾ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን የሚወረወሩበት የአጆራ ፏፏቴ ባለቤት ነው። እንግዳው አይቶት፣ ፎቶ አንሥቶ፣ በዕለቱ ይመለሳል። የሚያሳድር ሥራ የለበትም።

በግድቡ ሐይቅ ላይስ? በዳውሮ በኩል በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የሃላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ሐይቅ ዳር መዝናናት ግን አንድ ዕቃ ነው፤ የወንዝ ማዕበል ሌላ ዕቃ ነው። የሐይቅ ዳር ሪዞርት በቢሾፍቱም በሐዋሳም በአርባ ምንጭም አለ። ከሁሉም ጋር ዋጋ መቀናነስ ሊመጣ ነው። ተወዳዳሪ የሌለው ዕቃ የያዘ ነጋዴ ግን ዋጋ ይቆርጣል እንጂ አይቆረጥበትም።

ጊዜው እያለቀ ነው

ከጊቤ ሦስት በታች በ2008 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው የኮይሻ ግድብ በመሠራት ላይ ነው። ሲጠናቀቅ የራሱን ሐይቅ ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ጊቤ ሦስት እግር ይዘረጋል። ያን ጊዜ በወላይታ በኩል ከተረፈው የኦሞ ወራጅ ሌላ ረጅም ክፍል ይዋጣል። ኮይሻ ይቅር የሚል የለም፤ አገር መብራት ይፈልጋል። ጥያቄው እንደ ባለፈው ሁሉ ዳግመኛ ዜሮ እንጽፋለን ወይ የሚል ነው።

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት መደረግ ያለባቸው ነገሮች ከባድ አይደሉም።

በመጀመሪያ፣ የኮይሻ ሐይቅ ሳይሞላ ወንዙ በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ይለካ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በውኃ ምሕንድስና ሰው ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው፤ ሩቅም አይደለም። ከኦሞ ጋር በምሥራቅ ያለው ብላቴና ወደ ኦሞ የሚገባው ደሜ አብረው ይታዩ። የትኛው ድንጋይ ላይ፣ በስንት ውኃ፣ ምን ዓይነት ማዕበል ይነሣል? ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ማዋጣት ቁማር ነው። ይህን ሳያውቁ ማስዋጥም ቁማር ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ክፍል በምትክነት ይያዝ። ከጅማ መንገድ የጊቤ ድልድይ ወደ ታች፣ የጊቤ ሦስት ሐይቅ ከመጀመሩ በፊት ያለው ገደል ዛሬም ወራጅ ወንዝ ነው። ዩጋንዳ ለካላጋላ የፈረመችው ዓይነት ወረቀት ለዚህ ክፍል ቢፈረም የሚከስር የለም። ወላይታ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ዳውሮ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። የላይኛው ጊቤ ሌሎችንም ያዋስናል። ወንዙ የክልል ወሰን አያውቅም፤ ስለዚህ ፊርማው ከፌዴራል ካልመጣ ማንም ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። የንግድ ምክር ቤቶች ሥራ ይህን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ውኃ የሚለቀቅበት መረጃ ይፋ ይሁን። ይህ ለባለካያክ ብቻ አይጠቅምም። ከታች ለሚሻገር ከብት አርቢ፣ በወንዙ ዳር ለሚያርስ ገበሬና ዓሣ ለሚያጠምድ ወጣትም የሕይወት ጉዳይ ነው። ዛሬ በሞባይል የጤፍ ዋጋ የሚጠይቅ ሕዝብ የወንዙን መጠን ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

አራተኛው የእኛ የነጋዴዎቹ ድርሻ ነው። በትንሹ እንጀምር። አሥር ወጣት ዋናና ነፍስ አድን ይማር፤ ሁለት ጀልባ ይገዛ። ሪዞርቱ እንግዳውን ያሳድር፤ ወጣቱ ወደ ወንዙ ይውሰደው። ሶቤክ ሲጀምር ወጣቶች፣ ጀልባና ድፍረት እንጂ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አልነበረውም።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ሲሸጥ በውስጡ ያለውን ዕቃ መጀመሪያ ይቆጥራል። ቆጥሮ «ይሂድ» ቢል ሸጠ ይባላል። ሳይቆጥር ቁልፉን ቢያስረክብ ግን ተዘረፈ ነው የሚባለው፤ ዘራፊውም ራሱ ነው። ጊቤ ሦስት ላይ ቁልፉን ሳንቆጥር አስረከብን። ኮይሻ ላይ ቁልፉ ገና በእጃችን ነው፤ ከሶዶ በበሌ አድርጎ ወደ ሸለቆው ለሚወርድ ሰው የውኃው ጩኸት ዛሬም ይሰማል። ድንጋዩ ሳይሸፈን ቆጣሪ ይላክ።